የእንጉዳይ ሁለተኛ ዓይን

ጥር 2፣ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ።

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ልጄ አዳሙ ሰማንያ ሞልቶሃል ይለኛል፤ እሱ ያልነበረበትን ዘመን ከየት አምጥቶ እንደሚቆጥርልኝ እንጃ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። በቅሎዬን ራሴ እጭናለሁ። ዳገቱን እስከ ማርቆስ ደጅ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ፤ ዱላ የምይዘው ለውሻ ነው። ወጤን ራሴ እሠራለሁ። ያርራል። ያረረም ወጥ ነው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ብቻ እምቢ ብሎኛል።

መጻፍም ይኸው። ፊደል የቆጠርሁት ካቻምና ነው፣ በማታ ትምህርት። አስተማሪው፣ በየቀኑ ካልጻፍህ ፊደሉ ጥሎህ ይሄዳል አለኝ። አንተን የገዛሁህ ለዚያ ነው፣ ደብተር። ወዳጅ ፈልጌ እንዳይመስልህ።

ዛሬ። ከቤ/ክ ስመለስ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ክፍት ነው። ሰው ተሰብስቧል። ገባሁ፤ የከተማው አዳራሽ ነው፣ ማን ይከለክለኛል። ወ/ት አስቴር የምትባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣች የሥዕል አስተማሪ፣ ልጅ እግር ናት፣ መሐል ቆማ ትናገራለች። የአዲሱ ጤና ጣቢያ ተራ መጠበቂያ ግድግዳው ባዶ ነው አለች። ትልቅ አቡጀዲ ላይ የማርቆስን ገበያ ሥለን እንሰቅልበታለን። የምንሥለው እኛው የከተማው ሰዎች። ችሎታ አይጠየቅም። የሚያይም የማያይም፣ የሚሰማም የማይሰማም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። ለቅበላ ይደርሳል።

እኔን ምን አገባኝ ብዬ ልወጣ ስል፣ ገበያው ላይ እያንዳንዱ የፈለገውን ሰው ማቆም ይችላል አለች። በሕይወት ያለም የሞተም።

የሞተም? አልሁ።

የሞተም፣ አባቴ፣ አለች።

እንጉዳይ ሚስቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አለፈ። ፎቶ የላትም። ፎቶ አንሺው እዚህ ሱቅ የከፈተው እሷ ከተቀበረች በኋላ፣ በዚያው ክረምት ነው። ሰሞኑን ደግሞ ፊቷን ስፈልገው ቶሎ አይመጣም። ድምፅዋ ይመጣል። ሳሏ እንኳ ይመጣል። ፊቷ ግን መስክ እንደ ለቀቋት በቅሎ ነው፤ ሲጠሩት ይርቃል። ይህን ለአዳሙም አልነገርሁ። ላንተ ብቻ ነው።

እመጣለሁ አልኋት። እንጉዳይን እዚያ አቡጀዲ ላይ አቆማታለሁ። ሳልረሳት። ግን መወጠሪያውን እንጨት ከኔው ባሕር ዛፍ ነው የምቆርጠው። በሰው እንጨት ላይ ሚስቴን አላሰቅልም።

ጥር 5፣ ረቡዕ።

ባሕር ዛፉን ቆረጥሁ። ላጥሁ። በቅሎዋ ጎተተችው። አዳሙ ሰው ቅጠር አለኝ። ሰው ቀጥሬ ማን ሰው ይለኛል። ወገቤ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም።

ጥር 9፣ እሑድ።

አቡጀዲው ተወጠረ። ከቤቴ ግድግዳ ይሰፋል። ጨርቁን የሰጠው ሰይድ ነው፣ ጨርቅ ነጋዴው፤ ጠርዙን በመኪና ሰፍቶ አመጣው። አባቱንም አውቃቸዋለሁ፣ እሳቸውም ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ገና ሲያየኝ እንጨትህ ጠማማ ነው አለኝ። ጨርቅህ ሳስቷል አልሁት። ይኸው ነው ሰላምታችን።

የኔታ ክንፉ፣ የቅኔ መምህሩ፣ እሳቸውም አሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ምን ሊሥሉ መጡ ብዬ ልጠይቅ አልሁና አፈርሁ። ወ/ት አስቴር ጭድና ሙጫ ሰጠቻቸው። በጣታቸው እየዳሰሱ የጎጆዎቹን ክዳን ይለጥፋሉ። ዝናብ አያስገባም አሉኝ፣ ኮራ ብለው። በሰንበት ይህ ሥራ አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አይታረስበት፣ አይታጨድበት፣ ምኑ ነው ሥራ አሉ። ተረጋጋሁ።

ከኔ በስተግራ ጥሩዬ። ሸክላ ሠሪዋ። ጆሮዋ አይሰማም፣ በእጇ ነው የምታወራ። እውነቱን ልጻፍ። በርጩማዬን ትንሽ ወዲያ ሳብሁ። የሸክላ ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል ሲባል ነው ያደግሁት።

ሕጉ እንዲህ ነው። ሁሉም ፊቱ ያለችውን ቦታ በከሰል ይጀምራል። ወ/ት አስቴር ስታጨበጭብ፣ ለጥሩዬ ደግሞ እጇን ስታወዛውዝላት፣ ሁሉም ተነሥቶ ወደ ጎን ይዛወራል። ጎረቤቱ የጀመረውን ይቀጥላል። የኔ የሚባል የለም። ተቆጣሁ። እኔ የዘራሁትን ሌላ ሊያርመው ነው ወይ አልኋት። ሰይድ ጣልቃ ገባ፦ አያ ልየው፣ ደቦ ወጥተህ አታውቅም? ደቦ ላይ ይህች ትልም የኔ ናት የሚል ገበሬ አይተሃል? ይህ ነጋዴ የገበሬ ነገር ከየት ተማረ።

ዳቦ። የተበላሸ ከሰል የሚጠፋው በዳቦ ነው። የዳቦውን ልብ እያድበለበሉ ጨርቁን ይፈትጉበታል። ዓለም ማለቂያዋ ነው አልሁ። የተረፈውን ዳቦ በላን። ሰዉ ዳቦውን መብላት ሲጀምር ጥሩዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማንም ዙሪ አላላትም። እኔም የኔን በጋቢዬ ከለልሁ። ልማድ ነው። ወ/ት አስቴር አየችን።

ጥር 12፣ ረቡዕ። ቃና ዘገሊላ።

ታቦቱን ሸኝተን ተመለስን። ሜዳው ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭፈራ። ጉልበቴ አንዴ ዘለለ፤ ሁለተኛውን ልጠይቀው ስል እምቢ አለ። ደስ ያለኝ ቀን ነው።

እዚህ ገጽህ ላይ እንጉዳይን ሞከርኋት። ቅል ሆነች። ሁለት ዓይን ያላት ቅል። በጣቴ አጠፋኋት፤ ይኸው ጥቁሩ። አትቀየም።

ጥር 16፣ እሑድ። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ፊደሉ ቢወላገድ ቁጣው ነው።

ቦታ መርጬላት ነበር፣ ከሸክላ ተራው ጎን፣ ሰፊ ቦታ። እንጉዳይን ፊት ለፊት አቆምኋት። ሁለት ዓይን፣ አፍንጫ፣ ነጠላ። ቅልነቷ አልለቀቃትም፤ ግን ደኅና ቅል ነበረች። ተጨበጨበ። ተነሣን። ጥሩዬ እኔ ቦታ ተቀመጠች። እኔ ሰይድ የጀመረውን አህያ ጆሮውን እያስረዘምሁለት ነው። ዞር ስል ቅሌ የለችም። በዳቦ ጠፍታለች። በቦታዋ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ፣ ጆሮዋን እንስራ ላይ አስጠግታለች። ጎኗን ሰጥታ። አንድ ዓይን።

አንድ ዓይን፣ ደብተር። በዲማም በደብረ ወርቅም የቤ/ክ ግድግዳ አይቻለሁ። ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ ፊት ለፊት ነው የሚያይህ። ጎኑን ሰጥቶ ባንድ ዓይን የሚቆመው ይሁዳ ነው። ሰይጣን ነው። ሰማዕታትን የሚቀላው ወታደር ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ቀስ ብላ፣ ጾም ሳትገድፍ፣ ሰው ሳታማ የኖረች ሴት፤ ጤና ጣቢያ ለሳልና ለወባ የመጣ ሁሉ ከይሁዳ ወገን ቆማ ሊያያት?

ጮህሁ። ወ/ት አስቴር፣ ሰው ከጎን ሲታይ እንዲህ ነው አባቴ አለችኝ። ሚስቴን ከጎን ለማየት አልመጣሁም አልኋት። ጥሩዬ ከሰሉን እንደያዘች መሬት መሬት ታያለች። ያልሁትን አልሰማችም፤ ቁጣ ለማወቅ ግን ጆሮ አያሻም። እንጨቴን ነቅዬ እሄዳለሁ ብዬ ጫፉን ያዝሁ። ሰይድ ከወዲያ ጫፍ ሆኖ፣ እንጨቱ ያንተ ነው፣ ጨርቁ የኔ ነው፣ ስትሄድ ጨርቄን ቁጭ አድርገህልኝ ሂድ አለ። ሰዉ ሳቀ። ለቅቄው ወጣሁ።

ጥር 18፣ ማክሰኞ።

ጠላ ቤት ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ጥጋቡ፣ የማኅበር ወዳጄ፣ ከሩቅ አየኝና ቦታ ለቀቀልኝ፤ ቦታ ሲለቅልህ ነገር አለው ማለት ነው። እንጉዳይ በሰማይ ቤት አንዱን ዓይኗን ምን አገኘባት? አለኝ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ጥጋቡ ጥርስ ስለሌለው በምላሱ ነው የሚነክስ። ጣሳዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ያላለቀ ጠላ ትቼ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥር 20፣ ሐሙስ።

ነገሩን ፈጽሜዋለሁ።

በቀን ነው፣ በግልጽ። ለአዳራሹ ዘበኛ እንጨቴን ልይ አልሁት፤ ከፈተልኝ። እንጨቴንም አየሁት፤ ውሸት አይደለም። ከዚያ ከሰል አነሣሁ። ለእንጉዳይ ሁለተኛ ዓይን ሠራሁላት። የት? ጉንጯ ላይ ነዋ፣ ሌላ ቦታ የታለ። ትልቅ፣ ጥሩ ዓይን፣ ከነቅንድቡ። ራቅ ብዬ አየኋት።

ጻድቅ አልመሰለችኝም። የዓባይ አምባዛ ዓሣ ነው የመሰለችኝ። ቢሆንም ሁለት ዓይን ሁለት ነው። ማንም ቆጥሮ አንድ አይልም። ዘበኛው በደጅ አጮልቆ አየና አማተበ። ለምን እንዳማተበ አልጠየቅሁትም።

ጥር 23፣ እሑድ። ጊዮርጊስ።

ሁሉም አቡጀዲው ፊት ቆመ። መጀመሪያ የሳቀችው ጥሩዬ ናት። ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ ሆዷን ይዛ፣ መሬት እስክትቀመጥ። ከዚያ ሰይድ። ከዚያ ሁሉም። የኔታ፣ ምንድን ነው፣ ለኔም ንገሩኝ እንጂ ብለው ተቆጡ። ሰይድ ነገራቸው፦ አንድ ጉንጭ፣ ሁለት ዓይን። የኔታ ጢማቸውን ዳሰሱ።

"ልየው፣ ዓይን እንዲህ ተርፎህ ስታድል እኔን እንዴት አላስታወስኸኝም?" አሉኝ።

ሳቅሁ። ልስቅ አልፈለግሁም፤ አመለጠኝ።

ከዚያ ረጋ ብለው ጠየቁኝ። ግድግዳው ላይ ኃጥኡ ጎኑን የሚሰጠው ፊቱን ከእግዚአብሔር ስላዞረ ነው፤ የኛ ሴት ፊቷን ያዞረችው ወደ ምንድን ነው? ወደ እንስራ አልሁ። እንስራ መግዛት ኃጢአት ከሆነ የማርቆስ ሴት ሁሉ አለቀላት አሉ። ደግሞ ሳቅ።

ሰይድ ከኪሱ ስሙኒ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ። ጃንሆይ ስንት ዓይን አላቸው አለኝ። አገላበጥሁት። ባንድ ፊቱ አንበሳ። ባንዱ ጃንሆይ፣ ጎናቸውን ሰጥተው። ዓይናቸውን ቆጠርሁ። ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፤ ዘበኛው በር ላይ ቆሟል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ጮክ ተብሎ አይነገርም። ሁለት ናቸው፣ አንደኛው በወዲያ በኩል ነው አልሁ በዝግታ። የእንጉዳይም በወዲያ በኩል ነው አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ይዤው ስዞር አላየሁትም።

መሄጃዬን ስፈልግ ሰይድ ክንዴን ያዘ። አሁን አልሳቀም። ሱቁ ከሸክላ ተራ ፊት ለፊት ነው። ያየውን ነገረኝ። ጥሩዬ እንስራዋን ሰው ሲያንኳኳው አትሰማውም፤ ደኅና ይሁን፣ የተሰነጠቀ ይሁን፣ አታውቅም። ገዢ ሁሉ ተሰንጥቋል እያለ ያታልላት ነበር። እንጉዳይ ግን በገበያ ቀን ማልዳ እየመጣች አንድ ባንድ ታንኳኳላታለች፣ ጆሮዋን አስጠግታ። ጥሩዬ ደግሞ ፊቷን ታያለች። ፊቷ ሲፈታ እንስራው ደኅና ነው። ቅንድቧ ሲሰበሰብ ስንጥቅ አለው።

"አያ ልየው፣ በዚህ ከተማ የሚስትህን ፊት እንደዚህች ሴት ያጠና የለም" አለኝ። "አንተንም ጨምሬ ነው።"

እንጉዳይ እኔን ቅቤ ሳይወደድ ልድረስ እያለች ነበር በማለዳ የምትወጣው።

አቡጀዲውን ዳግመኛ ሳላይ ወደ ቤት መጣሁ። ስሙኒው በእጄ ቀርቷል።

ጥር 25፣ ማክሰኞ። ከምሳ በኋላ።

በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ። በቅሎዋ ገለባዋን ትበላለች።

እንጉዳይን በሐሳቤ ፊት ለፊት ጠራኋት፣ እንደ ልማዴ። እምቢ። ቅል መጣ። ከዚያ ማሰብ ጀመርሁ። እሳት ዳር በስተቀኜ ነበር የምትቀመጥ። ወጥ ስታማስል ያየሁት ጎኗን ነው። ስትፈትል ጎኗን። ስትጸልይ ወደ ምሥራቅ ዞራ፣ ጎኗን። ባሏን ትክ ብላ የምታይ ሴት በኛ ዘመን ደፋር ትባላለች። በትዳር የኖርሁት ከዚያች ጉንጭ ጋር ነው። ታዲያ ፊት ለፊት ብጠራት እንዴት ትምጣ። በማላውቀው በር ነው የቆምሁ።

ከጎን ጠራኋት።

መጣች። ከጆሮዋ ሥር ካለችው ጥቁር ነጥብ ጋር፣ የአፏ ጠርዝ ወደ ላይ ሳብ እንዳለ። በደንብ መጣች። ቁጭ ብዬ አየኋት፤ ፀሐይዋ እስክትዞር።

ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። ጥሩዬ የሣለችው ሰው ሁሉ ጎኑን ነው የሰጠ። ቅቤ ሻጯም፣ ቄሱም፣ ፖሊሱም። ፊት ለፊት መች ታያለች? ዓይንሽ ይበላል ብለን ፊታችንን የነሣናት እኛ ነን። የሰጠናትን ነው የሣለች።

እኔ ደግሞ እንጉዳይ ላይ አምባዛ ጭኜባት መጣሁ። እሑድ ሩቅ ሆነ።

ጥር 30፣ እሑድ። በጣም ብዙ ነገር። ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ቀድሜ ደረስሁ። ዳቦ ይዤ ሄድሁ። ያበላሸሁትን የማጠፋው ራሴ ነኝ። የዳቦውን ልብ አድበልብዬ ፈተግሁ። አምባዛው ጠፋ። ትንሽ ጥላ ቀረው። እሱንም ላጥፋ ብዬ ጫን አልሁ። እጄ ባሕር ዛፍ የሚልጥ እጅ ነው። ስለቀው ደኅናው ዓይንም የለም። ጠፍቷል። የእንጉዳይ ፊት ዓይን አልባ ሆኖ እንስራው ላይ ተደፍቷል።

እዚያው ተቀመጥሁ። ከሰል ማንሣት አልደፈርሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ እሠራዋለሁ የማልለው ነገር አገኘሁ።

ሰዎቹ መጡ። ማንም አልሳቀብኝ። ጥሩዬ አየች። እኔን አየች፣ በጎን። ብድግ ብላ የአዳራሹን የውኃ እንስራ ውኃውን ባልዲ ላይ ገለበጠችና አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። አንጓዬን ይዛ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው። ይህች ሴት ነካችኝ ልል ነበር፤ ሳልል ቀረሁ። እንስራውን አንኳኳች፣ ጆሮዋን ነካች፣ በእጇ የለም አለች። ከዚያ አቡጀዲውን አሳየችኝ፤ እንስራውን ወደ ላይ የያዙትን እጆች።

እስካሁን አላየኋቸውም ነበር። ባለቤት የላቸውም፤ ክንድ ላይ ያልቃሉ። የሻጪዋ የጥሩዬ እጆች መስለውኝ ነበር። የቀኙ አውራ ጣት ወደ ውጭ ተጣሟል። የኔ አውራ ጣት፣ ወጣት ሳለሁ ቀንበር የሰበረው።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም ነበር፣ ላንተም። መሬት የተቀመጠ እንስራ አይጮህም፤ አየር ላይ መያዝ አለበት። ለቤታችን እንስራ ልትገዛ ስትወጣ እንጉዳይ እኔን ታስይዘኝ ነበር። ወንድ ልጅ በገበያ መሐል እንስራ ተሸክሞ! ሰው ሳያየኝ ቶሎ በይ እያልሁ አጉረመርማለሁ። እሷ ሆን ብላ ታዘገያለች። ጥሩዬ አይታናለች። እንስራውን ብቻ አይደለም ያየች።

ወ/ት አስቴር ቀረብ ብላ፣ ከፈለጉ እጆቹን ብቻ እንተዋቸው፣ የማን እንደሆኑ ማንም አያውቅም አለችኝ። ልጅቱ ብልህ ናት፤ ያሳፈረኝን ዐውቃዋለች። እዚያ ጋ ጥጋቡ ዓይኔ ላይ መጣ፣ ሳቁ ተከትሎት። ጤና ጣቢያው ሙሉ ሰው ሲስቅ ታየኝ። ልየው፣ እንስራ ይዞ፣ አንድ ዓይን ሆኖ።

እጆቹ ባለቤት አላቸው አልኋት። እስከ ፊቴ ይሣሉ።

ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲተያይ ለሚያየው ሰው አንድ አንድ ዓይን ነው የሚደርሰው። ሌሎቹ ሁለቱ በወዲያ በኩል የራሳቸው ጉዳይ ላይ ናቸው።

እንስራውን ይዤ ቆምሁ። ጥሩዬ ከሰሉን ይዛ፣ ልማዷ ነው፣ አንገቷን ሰብራ በጎን ታየኛለች። በእጄ ፊቴን አሳየኋት፣ ዓይኗን አሳየኋት። እዪኝ። አልገባትም መሰለኝ። ደገምሁት። ቀና አለች። ትክ ብላ አየችኝ። ሲበላኝ ጠበቅሁ፤ ልማድ ነው። አልበላኝም። ሞቅ ያለ ዓይን ነው፣ ቡናማ፣ ባንዱ ውስጥ ከሰል ገብቶበት ያለቅሳል።

መጀመሪያ የሣለችው የኔን አይደለም። የእንጉዳይን ዓይን ነው። አንድ ጊዜ እጇን አስኬደችው፣ ያው ሆነች። ፊቷ የተፈታ። እንስራው ደኅና ነው ማለት ነው። ሰይድ ጮክ ብሎ ለየኔታ ነገራቸው። የኔታ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፣ ስንት ዓይን ሆነች ብለው አልጠየቁም።

እጄ እስኪዝል ቆሜያለሁ። ቶሎ በይ አልሁ። ከልማድ ነው ያልሁት። ጥሩዬ አልሰማችኝም፤ ግን አዘገየች።

ያመጣሁትን ዳቦ ስንካፈል ጥሩዬ ፊቷን አዞረች። ትከሻዋን መታ መታ አደረግሁ። ዞረች። ቁራሼን አፌ አስገባሁ፣ ዓይኗ እያየ፣ ቀስ ብዬ አላምጬ ዋጥሁ። የሷንም ሰጠኋት። በላች። ሰይድ ምን ሲሉ ነው እነዚህ አለ። ዳቦ እየበላን ነው አልሁት።

የካቲት 14፣ እሑድ። ቅበላ። ነገ ጾም ይገባል።

ተሰቀለ። ባለፈው እሑድ ቀለም ተቀባ፤ ከእንግዲህ ዳቦ አያጠፋውም። እንጨቴ ትንሽ ጠማማ ነው፤ ሰይድ ትክክል ነበር፤ አልነግረውም።

ጤና ጣቢያው በሰው ተሞላ፣ ያልታመመም መጣ። የኔታ ክዳኖቻቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ ለተማሪዎቻቸው ያሳያሉ። ጥሩዬ አዲስ ነጠላ ለብሳለች፣ መሐል ቆማለች፣ ሰው ፊት ለፊት እያለፈ ሰላም ይላታል፤ ሁሉም አይደለም፤ አንዳንዱ ዞሮ ነው የሚያልፍ። አዳሙ መጣ። እናቱ ፊት ቆመ። እማዬ ናት አለ።

ጥጋቡም መጣ፣ ሥጋ የበላበት አፉን እየጠረገ። አፌን አሰናድቼ ጠበቅሁት። ሥዕሉ ውስጥ እኔንና እንጉዳይን ፈለገን። አየን። ደግሞ አየን። እንስራ ተሸካሚ ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እኔንስ ምነው አላቆማችሁኝ አለ፣ ቅር ብሎት። አንተ አህያው ነህ፣ ጆሮህን እኔ ነኝ ያስረዘምሁልህ አልሁት። ወደ አህያው ሄዶ መረመረው።

አሁን ቤት ነኝ፣ ፀሐይ ገና አለች። ዕዳዬን ልጻፍ። አዳሙ እኔ ልክፈልልህ ባይ ነው፤ ሁሉም እኔው ራሴ የምከፍለው ነው። አንዱንም እንዳይነካ።

ለወ/ት አስቴር፦ የጮህሁባት። ነገ ሄጄ፣ ቆሜ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ። በሰው አልልክባትም።

ለሰይድ፦ ስሙኒው። እመልስለታለሁ። ጃንሆይን ትንሽ ልያቸው።

ለየኔታ፦ ዓይን የለኝም የምሰጣቸው። ንባብ አለኝ። መጽሐፋቸውን አነብላቸዋለሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን። ቀስ ብዬ ነው የማነብ አልኋቸው። እኔም የምቸኩልበት የለኝም አሉ።

ለጥሩዬ፦ ከወንዙ ሸክላ አፈር በበቅሎ ማምጣት፣ ክረምት እስኪገባ። እንስራዋንም ማንኳኳት። ጆሮዬ ገና ደኅና ነው። የኔ ፊት ግን እንደ እንጉዳይ አይፈታም፤ መለማመድ አለብኝ። ፊት ለፊት የበላነውም አንድ ዳቦ ነው፤ ይህ ዕዳ ቶሎ አያልቅም።

ለጥጋቡ፦ የተውሁት ጠላ። ከፋሲካ በኋላ።

ለእንጉዳይ፦ እንስራው ከበደኝ፣ ቶሎ በይ ስላት ትስቅ ነበር፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ በአፏ ጠርዝ ብቻ። ጥሩዬ ፊቷን በሚገባ ሣለችው፤ ያ ሳቅ ግን የኔ ስለነበር አላየችውም። እሱን እኔ ራሴ፣ እዚህ ገጽህ ላይ፣ እርሳሱን ቀርጬ፣ ከጎኗ ጀምሬ እሥለዋለሁ። ይኸው ጀመርሁ፤ የአፏ ጠርዝ…